የአብዲ አባት ያጠበቀው ዳዶ

ልጅ እያለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላው ልጅ አብዲ ይባል ነበር። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም፤ ብይዬንም አልወሰደብኝም። አምስተኛ ክፍል ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚጽፍ፣ አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛው የሚሰማ ቀጭን ልጅ ነበር። የጠላሁት በእጁ ምክንያት ነው። አባቴ አንድ ቀን የአብዲን ቀኝ እጅ ይዞ እንደ ዕቃ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «የዚህ ልጅ እጅ ጆሮ አለው» አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የእኔን እጅ ማንም አገላብጦ አይቶት አያውቅም፤ ጥፍሬ ማደጉን ለማየት ካልሆነ በስተቀር።

አባቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ሐረር ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ታች በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ በረንዳው ላይ ተደርድረው ሲሰፉ የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል፤ የዚያ ሰፈር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የሱቃችን በር ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስገባም። ውስጡ የማሽን ዘይትና የነጭ ጋዝ ሽታ አለው፤ ከውጭ ደግሞ ጎረቤታችን በከሰል ካውያ የሚተኩሰው እርጥብ ጨርቅ ሽታ ይገባል። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ለእኔ የአባቴ ሽታ ነበሩ። ዛሬም አንዱ ብቻውን ሲሸተኝ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ የሚናገረው ግን ይያዛል። «ምልክት ሳታደርግ የፈታኸው ነገር አልተፈታም፤ ጠፋ እንጂ» ይል ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ወይም ዳዶ ከመንካታችን በፊት፣ በተሰበረ የስፌት መርፌ ጫፍ ከዳዶው ጀምሮ እስከ አካሉ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር እንጭራለን። ሲገጠም መስመሩ ከመስመር ጋር ከገጠመ፣ ዳዶው የድሮ ቦታው ገባ ማለት ነው። በዚህ እኔ ጎበዝ ነበርኩ። ፀጉር የምታክል፣ ባለቤቱ እንኳ የማያያት መስመር እጭራለሁ። የትኛው ብሎን ወደ የት ዞሮ እንደነበር ከሳምንት በኋላ ብጠየቅ አልሳሳትም። አባቴ ይህን ያውቃል። ግን «የዚህ ልጅ ዓይን» ብሎ የጀመረው አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

አብዲ ወደ ሱቃችን መምጣት የጀመረው አባቱ በሞተ በዓመቱ ነው። ገጠር ከእናቱ ጋር የቀሩት ታናናሾቹ ናቸው፤ እሱን ትምህርት እንዲማር ብለው ጀጎል ግንብ ውስጥ አክስቱ ዘንድ አስቀመጡት። አክስቱ ከእኛ ሱቅ በሦስት በር ከፍ ብላ ትሰፋለች። አንድ ቀን መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስቸገራትና የመኪናውን ጭንቅላት አሸክማ ላከችው። አባቴ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ካቻቪቴውን ለአብዲ ሰጠው። አብዲ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎኑን አጠበቀ፤ አጠበቀ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ አቆመ። አባቴ ሞከረው፤ አንድ ፀጉር ቢጨመርበት ጥርሱ ይበላ ነበር። እኔ በዚያው ሳምንት የአንድ መኪና ብሎን ጥርስ በልቼ ነበርና ነገሩ ለእኔ የተነገረ ስድብ መሰለኝ። ስለ ጆሮው የተነገረው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አብዲ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። እናቴ እንኳ ምሳ ስትቋጥር «ለዚያም ልጅ» እያለች ትጨምር ጀመር።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ስለ እኔም እጅ አንድ ቃል እንዲናገር። ይህን ፍላጎቴን ይዤ ስጠብቅ ጠመንጃው መጣ።

አባቴ በቀድሞው ጦር ውስጥ የመሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ጦሩ ሲበተን ወደ ሐረር ተመልሶ የስፌት መኪና ያዘ እንጂ ጠመንጃ መጠገን አልረሳም። ባለቤቱ የፈቃድ ወረቀት ካላመጣለት ግን አይነካም። አንድ ሰኞ የአብዲ አጎት ኦቦ ዩሱፍ በሽርጥ የተጠቀለሉ ሁለት ጠመንጃዎች ታቅፈው መጡ። ወረቀቱን መጀመሪያ አወጡ፤ አባቴ ሁለት ጊዜ አንብቦ መለሰላቸው። ሁለቱ ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለት ወንድማማቾች አብረው የገዟቸው። የኦቦ ዩሱፍ ጠመንጃ ጭቃ በገባበት ቀን ተተኩሶ ጥይት የሚያልፍበት ቱቦ መሐሉ ላይ አብጧል። የሌላው፣ ማለትም የአብዲ አባት ጠመንጃ፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰደፉን ምስጥ በልቶታል፤ ቱቦው ግን ደኅና ነው። የሟቹን ቱቦ ፈትቶ ለአጎቱ ጠመንጃ መግጠም ነበር ሥራው። ማሽላው ሊደርስ ነው፤ ከርከሮዎቹ ደግሞ ከአሁኑ ጀምረውታል አሉ ኦቦ ዩሱፍ።

በብዙ ጠመንጃ ቱቦው ራሱ ተጠምዝዞ ነው አካሉ ውስጥ የሚገባው። በእነዚህ ግን ቱቦውን ከአካሉ ጋር አንቆ የሚይዘው አንገቱ ላይ ያለ ባለ ስድስት ጥግ ትልቅ ዳዶ ነው። አባቴ ለዚህ የሚሆን መፍቻ ነበረው፤ ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ በሞረድ የሠራው፣ ክንድ የሚያህል። ያንን መፍቻ ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ቱቦው ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ ሲታሰር እንዳይጎዳ የሚያቅፉት ሁለት የተቦረቦሩ የወይራ እንጨቶችም ነበሩት። የኦቦ ዩሱፍ ጠመንጃ ዳዶ በመጀመሪያው ቀን ተፈታ። የአብዲ አባት ጠመንጃ ዳዶ ግን እምቢ አለ።

ኦቦ ዩሱፍ ወደ አባቴ ዞረው ሳቁ። «ዘውዴ፣ ይሄንን እኮ ወንድሜ ነው ያጠበቀው» አሉ። «ቱቦውን አንድ ጊዜ ሊያጸዳ ፈትቶት ነበር፤ ሲመልሰው በራሱ እጅ አጠበቀው። እሱ ያጠበቀውን አላህ ካልሆነ ማን ይፈታል? የአህያ ጭነት አስሮ፣ ገበያ ስንደርስ ገመዱን በቢላ ቆርጠናል፤ ወላሂ።» በረንዳው ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ግን ፈገግታው ሳያልቅ ዞር ብሎ በሩ ላይ የቆመውን አብዲን አየው። አብዲ አልሳቀም ነበር። ዳዶውን ነበር የሚያየው። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ አባቴ እኔን አለማየቱ ብቻ ነው።

ኦቦ ዩሱፍ ቅዳሜ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ሰኞ ማታ አባቴ ዳዶው ዙሪያ ነጭ ጋዝ አንጠባጠበበት፤ «ይጠጣ» አለ። ማክሰኞ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ መታው፤ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ። መፍቻውን አገባ፤ ተጫነው፤ ወዲያው ለቀቀው። ረቡዕም እንዲሁ። የበረንዳው ሰዎች ቧንቧ አስገባበትና ተንጠልጠልበት እያሉ ምክር ቢሰጡትም አልሰማቸውም። በጉልበት የተፈታ ነገር ተመልሶ በልኩ አይገጥምም ነበር የሚለው። ሐሙስ ዕለት አላስቻለኝም፤ ማን ነው የሚፈታው ብዬ ጠየቅሁት። እኔ ወይስ አብዲ ማለቴ እንደሆነ የገባው ይመስለኛል። «ዳዶው የፈቀደለት» አለኝ።

ዳዶው ለእኔ እንዲፈቅድልኝ የመረጥኩት ጊዜ ዓርብ ሰባት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ሸፍነው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። መኪና ግርግር ዝም ይላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ዝምታ ነው። አባቴ ቤት ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል የሱቁን ቁልፍ ከኮቱ ኪስ አውጥቼ ሮጥኩ።

ሁሉንም እንደሚገባው አደረግሁ። ቱቦውን በወይራ እንጨቶቹ አቀፍኩት፤ ሞርሳውን አጠበቅሁ። ከኮሌታዬ ሥር የምሰካትን የተሰበረች መርፌ አውጥቼ ከዳዶው እስከ አካሉ መስመሬን ጫርኩ። ከዚያ የአባቴን መፍቻ አነሣሁ። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ገፋሁት፤ የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደ አብዲ። ምንም አልሰማሁም። ከደጅ የቧንቧ ቁራጭ አምጥቼ መፍቻው ላይ አስረዝሜ ተንጠለጠልኩበት። እግሬ ከመሬት ተነሣ። ዳዶው አልዞረም፤ መፍቻው ግን ከጥጉ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ ጉልጥምቴ ሞርሳው ላይ አርፎ ቆዳው ተገፈፈ። ስነሣ መጀመሪያ ያየሁት ደሜን አይደለም፤ መስመሬን ነው። ፀጉር ታህል አልተላለፈችም። ከዳዶው ስድስት ጥግ አንዱ ላይ ግን አዲስ የሚያብለጨልጭ ጭረት ነበር። ጥቀርሻ በዘይት ለውሼ ቀባሁበት፤ ሁሉን ወደ ቦታው መለስኩ። እጅህን ምን ሆንክ ስትለኝ እናቴን ኳስ ስጫወት ወደቅሁ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜ ቀደም ብሎ የመውጣት ልማድ የለውም። እናቴ ቁርሱን በሳህን አስይዛ ላከችኝ። ስደርስ ጠመንጃው ሞርሳው ውስጥ ታስሯል፤ ሱቁ ውስጥ የተቃጠለ ጋዝና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለ፤ የጎረቤታችን የከሰል ካውያ ከአባቴ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ካውያውን አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ዓይኔ የሚፈልገው ያበላሸሁትን ጥግ ነበር። አባቴም ያን ጥግ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነበር። ጥቀርሻው ጣቱ ላይ ቀርቷል። ጣቱን አየ፤ በጨርቅ የታሰረ እጄን አየ፤ ምንም አላለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ኦቦ ዩሱፍና አብዲ መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ እኔ ጠጋ ብዬ መስመሬን አየሁ። ተላልፋለች። ብዙ አይደለም፤ የአንድ ሰሊጥ ፍሬ ውፍረት ያህል፣ ዳዶው በሚፈታበት አቅጣጫ። ዓርብ በእኔ ክብደት ያልተነቃነቀ ዳዶ ከትናንት ወዲህ ተነቃንቆ በልኩ ሳይመለስ ቀርቷል። ሰው ነክቶታል። ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ አንድ ቅጽበት አልፈጀብኝም፤ በዓለም ላይ የማውቀው ጠላት አንድ ነውና። ወደ አባቴ ጆሮ ተጠግቼ፣

«አባዬ፣ መስመሩ ተላልፏል። ሰው ነክቶታል» አልኩት።

አባቴ አልደነገጠም። «አይተሃል?» አለኝ በዝግታ።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ያየኸውን ያዘው።»

ከዚያ ቀና ብሎ «ና አብዲ፣ አንተ ሞክረው» አለና መፍቻውን ሰጠው። መፍቻውን። እኔ ሰርቄ የነካሁትን እሱ ተጠርቶ ያዘው። አብዲ መፍቻውን ከማስገባቱ በፊት ባዶ እጁን ዳዶው ላይ አሳረፈ። እዚያው አቆየው። ለምን ይህን ያህል እንደቆየ አልገባኝም፤ ለታይታ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ መፍቻውን አገባ፤ ገፋ አደረገው፤ ዳዶው ዞረ። ልክ በቅቤ ውስጥ እንዳለ። ኦቦ ዩሱፍ «አልሐምዱሊላህ፣ የልጁን ነገር አየህ? ያባቱን እጅ ያወቀው የልጁ እጅ ነው» አሉ። ልብስ ሰፊዎቹ ከበረንዳ አጨበጨቡ። አብዲ ግን ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ በሌለው ልቅሶ፣ ዳዶውን በሁለት እጁ ይዞ። አባቴ መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈለት። ስለ ጆሮ አልተናገረም ያን ቀን። እኔ የታሰረ እጄን ኪሴ ከትቼ ያን መዳፍ ነበር የማየው። ከቃልም የበለጠ ሆኖ አገኘሁት።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት፣ ልጆች ቆርኪ ሲጫወቱ፣ አብዲን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ጠብቄ ያሰብኩትን ነገርኩት። ሌባ ነህ አልኩት። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ገብተህ አላልተኸዋል፤ መስመሬ ያሳብቃል፤ ያለቀስከውም ሰው እንዲያይህ ነው አልኩት። አብዲ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። አስተያየቱ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስል ነበርና እኔ የጥፋተኛ አስተያየት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቃችን መምጣት ተወ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ልጁ ታመመ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። በሳምንቱም ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ያ ሁለት ሳምንት ሱቁ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ ግን አባቴ በሩን እያየ ነበር የሚሠራው። በመጨረሻ አንድ ቀን ሥራውን ጥሎ ተነሣና በጠባቦቹ መንገዶች አድርጎ ወደ አብዲ አክስት ቤት ሄደ። እጁን ይዞት መጣ። አብዲ ምን እንዳልኩት ነግሮት እንደሆነ ለማወቅ የአባቴን ፊት ስመረምር አመሸሁ። አልነገረውም ነበር። ለዚያም ቀናሁበት። እኔን ሊፈልግ አባቴ ሥራ ጥሎ የወጣበትን ቀን ለማስታወስ ብሞክር አላገኘሁም፤ ጠፍቼ አላውቅማ።

ጊዜው ሄደ። አብዲ ቴክኒክ ተምሮ ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ የቶርኖ ቤት ከፈተ። እኔ ትምህርቱ ላይ ብዙም ሳልገፋ የአባቴን ሱቅ ያዝኩ፤ የማላውቀውን ራሴው እየፈታሁ፣ መስመር እየጫርኩ ተማርኩ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ሲያርፍ ለአብዲ መፍቻውን እንድሰጥ፣ ለእኔ የወይራ እንጨቶቹና የመርፌዎቹ ቆርቆሮ እንዲሆኑ ተናዝዞ ነበር። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያጥናህ ሲለኝ፣ በልቤ የነበረው ያ መፍቻ ነው ብል ማን ያምነኛል? ራሴው ወስጄ ሰጠሁት፤ እሱም ተቀብሎ ሳመው። ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓል ካልሆነ አንገናኝም ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት ልብስ ሰፊ የእናቷን የስፌት መኪና አመጣች። የማዞሪያ ጎማዋ ዳዶ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተዋህዷል። ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፤ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ እምቢ አለኝ። የከሰል ካውያ ዛሬ በሰፈሩ የሚጠቀምበት የለም፤ ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው። የጎረቤታችን ካውያ ግን ልጆቹ ሱቁን ሲሸጡ ለእኔ ቀርታ መደርደሪያዬ ላይ አለች። አካሉ ሳይግል ዳዶው ብቻ ቢሞቅ ይላቀቃል ብዬ አሰብኩና ከሰል አቀጣጥዬ ሞላሁባት። ዘንጉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ፤ የካውያዋን ጫፍ ዳዶው ላይ አሳረፍኩ። ጋዙ መጨስ ጀመረ፤ ጨርቁ መትነን ጀመረ። ሽታው ሲደርሰኝ እጄ ቆመ።

የዚያች ቅዳሜ ጠዋት ሽታ ነበር። ካውያው ከአባቴ እግር ሥር፤ ቁርሱን ሳይበላ መውጣቱ፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል መላለፍ፤ «ያየኸውን ያዘው»። ዝርዝር አያመልጠኝም እያልኩ የምኮራ ሰው፣ ሁሉንም አይቼ አንዱንም አላየሁም። ዳዶውን ያላላው አባቴ ነው። በእሳት አሙቆ፣ ፈትቶ፣ በእጁ መልሶ አስይዞ አብዲን ጠራው። የአንድ ልጅ ሟች አባት በራሱ እጅ ያጠበቀውን ሌላ ሰው ሲፈታው ልጁ እንዳያይ። እኔም ሌባ ያልኩት ያንን ልጅ ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘጋሁና በሸዋ በር ወጥቼ፣ ባጃጆቹን እያሳለፍኩ ወደ አብዲ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። አሁን ሸምግሏል ማለት ባልችልም ወፍሯል፤ ጉንጩ በጫት ሞልቶ አንድ የወፍጮ ዘንግ ላይ ያፈጥጣል። «መርሐባ ሳሚ፤ ዛሬ ዓመት በዓል ነው እንዴ?» አለኝ። ቆሜ እንዳለሁ ነገርኩት፤ የካውያውንም፣ የመስመሬንም፣ አበላሽቼው አባቴ አይቶ ያለፈኝን ጥግም፣ ከክፍሉ ጀርባ ያልኩትንም። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እንደዛገ ብሎን አስቸገረኝ።

አብዲ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና፣ «አቦ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ነው ያወቅሁት» አለ። «እጄን ሳሳርፍበት ሞቅ ብሎ ነበር። ብረት ማለዳ እንዴት ይሞቃል? ጋሼ ዘውዴ እንደነኩት ገባኝ። ግን ... አባቴ አሁን ገና ለቆት የሄደ ነው የመሰለኝ።»

ታዲያ ሌባ ስልህ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ብነግርህ ለእኔ እንዳሞቁልኝ ታውቃለህ። ይበልጥ ትቀና ነበር።» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ደግሞ እኔም እቀናብህ ነበር፤ አታውቅም። ለእኔ የተፈታ ሰጡኝ፤ እንግዳ ነኛ። አንተ ያበላሸኸውን ጥግ አይተው ዝም አሉህ፤ መርፌውን፣ ቁልፉን፣ ያልተፈታውን ሁሉ ለአንተ ነው የተዉት። የራስ ልጅ ነው እንዲህ የሚደረገው።»

ያን ሁሉ ዘመን እኔ እሱን ሳይ እሱ እኔን ሲያይ፣ ሁለታችንም ከአንድ ሰው የተሰጠንን ሳንቆጥር ቀርተናል። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ አሁንም ቀናሁ። ይህን ያህል ነገር አሥራ ምናምን ዓመት በዝምታ መያዝ እኔ አልችልም ነበር።

አብዲ ወደ ግድግዳው ሄዶ ከምስማር ላይ የአባቴን መፍቻ አወረደ። ዘይት ተቀብቶ ያበራል። «ይሄ የወፍጮ ዳዶ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። ልኩ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው» አለና ሰጠኝ። «ሞክረው።»

የልጅነት ክብደቱን ነበር የጠበቅሁት፤ ቀሎኛል። መፍቻውን ከማስገባቴ በፊት ባዶ እጄን ዳዶው ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ በተከፈተው በር ገብቶ ዘንጉ ላይ አርፏል፤ ሊሆን ይችላል። አብዲ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሻይ ያዝዛል። ገፋ አደረግሁት፤ ዞረ።

ዛሬ ዳዶ የሚፈታው በኤሌክትሪክ ነው፤ ነካ ሲደረግ ጮኾ ይለቃል፤ ሦስት ቀን ጋዝ አጠጥቶ የሚጠብቅ የለም። መኪና ግርግር ላይም የቀሩት ልብስ ሰፊዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ የዓርቡን ዝምታ አሁን በሌላውም ቀን እሰማዋለሁ። እኔ ግን አሁንም ምንም ነገር ከመፍታቴ በፊት መስመር እጭራለሁ። አብዲ ቶርኖ ቤት ያን ቀን ብቻ አልጫርኩም። መርፌዬ ከኮሌታዬ ሥር እንደተሰካች ነበረች። ዳዶው አስቀድሞ ተነክቶ እንደሆነ የምታሳይ መስመር አልነበረችም፤ አብዲንም አልጠየቅሁትም።